ማንቂያውና መፈለጊያው

አንድ ሰው ለሞተር ሳይክሉና ተሳቢ ላይ ለሚያሳድራት ትንሽ ጀልባው፣ ቢሰረቁ የት እንዳሉ የሚነግረው መከታተያ ሊገዛ አስቦ፣ ነገሩን ያውቃሉ ያላቸውን ሦስት ሰዎች አማከረ። አንደኛው መከታተያ መግጠም ሥራው ነው። ሁለተኛዋ የብዙ መኪኖች ስምሪት ስለምትቆጣጠር የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚከዳ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሦስተኛው ከቁልፉ፣ ከቦርሳውና ከሻንጣው ኤርታግ፣ ማለትም የአፕልን ትንሽ ክብ መከታተያ፣ የማይለይ ሰው ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ግን ሲያከራክር አመሸ።

ባለኤርታጉ ቀደመ። "ምን ያስጨንቅሃል? አንድ ኤርታግ ገዝተህ መቀመጫው ሥር ሸጉጥ። ሽቦ የለው፣ ሲም ካርድ የለው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለው። ሳንቲም በምታህል ባትሪ ዓመት ይሠራልሃል።"

ገጣሚው ራሱን ነቀነቀ። "እሱ ዕቃ እኮ የት እንዳለ ራሱም አያውቅም። ጂፒኤስ የለውም። በብሉቱዝ ምልክት ይረጫል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የሌላ ሰው አይፎን ምልክቱን ይይዝና ቦታውን በራሱ ኢንተርኔት ይልክለታል። ሰው የማያልፍበት ቦታ ከወሰዱት ወሬው እዚያው ይቀራል።"

"ከተማ ውስጥስ?"

እዚህ ላይ ተቆጣጣሪዋ ለባለኤርታጉ አደላች። ሰው በበዛበት ቦታ፣ በተለይም ሰማይ በማይታይበት ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ ጂፒኤሱ ዓይኑ ታውሮ ሳለ ኤርታጉ በአንድ አላፊ ስልክ ሊገኝ ይችላል አለች። ወዲያው ግን ሌላውን ጉድለት አነሳች። "ሌባውን ራሱን ያስጠነቅቀዋል። አይፎን ከያዘ 'ያልታወቀ መከታተያ አብሮህ እየሄደ ነው' የሚል መልእክት ይደርሰዋል። አንድሮይድም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ያሳውቃል። ከባለቤቱ ከተለየ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሲንቀሳቀስ መጮህ ይጀምራል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሰው በድብቅ እንዳይከታተሉበት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ መደረግም አለበት። ለአንተ ግን ያለህ ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው ማለት ነው።"

(በነገራችን ላይ፣ ሕፃናት እንዳይውጡት መራራ ቅባት የተቀባ ሲአር2032 ባትሪ ኤርታግ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። አዲስ ባትሪ ገብቶለት ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።)

ገጣሚው የራሱን ምርጫ አቀረበ፤ በሽቦ ከመኪናው ባትሪ ጋር የሚገናኝ፣ ጂፒኤስና ሲም ካርድ ያለው መከታተያ። አሠራሩንም ዘረዘረ። ቀዩ ሽቦ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፤ በመሃል፣ ለባትሪው በጣም ቀርቦ፣ የ2 ወይም የ3 አምፔር ፊውዝ። ጥቁሩ ወደ ማሳ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ወደተያያዘው የተሽከርካሪው ብረት፤ ግን ቀለም የተቀባ ብሎን ሥር መታሰር የለበትም፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። መሣሪያው መረጃ በሚልክባት ቅጽበት የሚስበው ኃይል በድንገት ስለሚዘል፣ ማሳው የላላ ከሆነ ልክ በዚያች ሰዓት ጠፍቶ ይነሳል፤ ሰዉ ግን ኔትወርኩን ሲወቅስ ይከርማል። ሦስተኛው ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ጋር ይያያዛል። "ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው" አለ። "ሁልጊዜ ኃይል ካለው ሽቦ ጋር ካገናኘኸው ሞተሩ እንደተነሳ ይቆጥረዋል፤ አይተኛም። የሽቦው ቀለም ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ በዓይን አትመን፤ በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለካ። ቁልፍ ሲዘጋ ዜሮ፣ ሲዞር 12 ቮልት ማየት አለብህ።"

"ካልተኛስ ምን ይሆናል?" አለ ባለሞተሩ።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀት አወጣች። የሞተር ሳይክሉ ባትሪ 8 አምፔር ሰዓት ነው እንበል። ግማሹን ከጨረሰ በኋላ ሞተር ማስነሳቱ ስለማያስተማምን 4 ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ እንቁጠር። መከታተያው ተኝቶ 5 ሚሊአምፔር ቢስብ በቀን 120 ይበላል፤ 33 ቀን ያደርሳል። ሳይተኛ 40 ሚሊአምፔር ቢስብ በቀን 960 ነው፤ በአምስተኛው ቀን ሞተሩ አይነሳም። መኪና ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ በዚያው በግማሹ ሒሳብ፣ ያንኑ የተኛ መከታተያ ብቻውን 250 ቀን ይችለዋል፤ ነገር ግን መኪናው ቆሞም ለራሱ 30 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ ሁለቱ ተደምረው ባትሪውን በ35 ቀን ያዳክሙታል። "እና ወራት የምትቆመው ጀልባህ ላይ ይህን ዕቃ ብትገጥም፣ ሌባ ከመምጣቱ በፊት ባትሪህን ይገድልልሃል" አለችው።

ባለኤርታጉ ከመሪው ሥር ባለው የመኪና ብልሽት መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ዓይነት አነሳ። ገጣሚው ብዙም አልቆየበትም። ሶኬቱ ከመሪው አቅራቢያ እንደሆነ ሌባም ያውቃል፤ ነቅሎ ለመጣል ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ሞተርና ጀልባ ላይ ደግሞ ያ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የለም።

እውነተኛው ጭቅጭቅ የተነሳው ሞተር ከሩቅ በሚያጠፋው ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ላይ ነው። ገጣሚው ይወደዋል፤ ከስልክ ትእዛዝ ሲላክ የነዳጅ ፓምፑን መስመር ይቆርጣል። ተቆጣጣሪዋ ተቆጣች። "መኪናው በፍጥነት እየሄደ ነዳጅ ሲቋረጥበት ከኋላው የሚመጣው ሰው ምን አጠፋ? ደግሞ የነዳጁ መስመር ሁልጊዜ በአንተ ሪሌና በአንተ ቅጥያ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቅጥያው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ በንዝረት ከላላ፣ ሌባ ሳይኖር ባለቤቱ መንገድ መሃል ይቆማል።" ገጣሚው ፍጥነቱ ሲወርድ ብቻ እንዲቆርጥ ማዘዝ እንደሚቻል ተናገረ። እሷ ግን ሪሌው በማስነሻው መስመር ላይ ይሁን አለች፤ የሚሄደውን አያቆምም፣ አንዴ ከጠፋ ግን በማስነሻው ዳግም አይነሳም። ጀልባ ላይ በጭራሽ፤ ማዕበል ወይም ድንጋይ ባለበት ሞተር የጠፋበት ሰው ሊሞት ይችላል። ሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም በአንድ በብዙ አገር የሚሸጥ መከታተያ ላይ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱንም አስታወሰች፤ በተገኙት ክፍተቶች የማያገባው ሰው ከሩቅ ገብቶ ነዳጅ መቁረጥ ይችል ነበር። በመሣሪያው ላይ ያለው የይለፍ ቃል 123456 ሆኖ ከተተወ ደግሞ ክፍተት መፈለግም አያሻም።

"ሌባው ጃመር፣ ሲግናል የሚያፍነውን ዕቃ፣ ቢይዝስ?" አለ ባለሞተሩ።

ለዚህ ገጣሚውም ተቆጣጣሪዋም አንድ መልስ ነበራቸው። የጂፒኤስ ሳተላይት ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለሚገኝ ሲግናሉ ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ ትንሽ ጃመርም ይውጠዋል። የሲሙንም መስመር እንዲሁ። ተቆጣጣሪዋ ግን "ጃመሩን ሳምንት ሙሉ አያበራውም" አለች። "የሰረቀውን ዕቃ ወደ አንድ ቦታ ወስዶ ያቆመዋል፤ የሚከተለው ሰው እንዳለ ለማየት ጥቂት ቀን ይጠብቃል። ያኔ ነው የራሱ ባትሪ ያለው፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነቅቶ ቦታውን ልኮ የሚተኛው ዕቃ የሚጠቅመው። በተኛበት ሰዓት ምንም ስለማይልክ በሲግናል መፈለጊያም አይገኝም።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለ ገጣሚው። "ሌሊት ተሰርቆ ወሬው ነገ ከሰዓት ቢደርሰኝ ምን ይረባኛል?"

"ይረባሃል፤ ያንተ ማንቂያ ነው፣ የእኔ መፈለጊያ" አለችው። በዚህ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባባሉ።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የገጣሚው መሣሪያ ኃይል ስላለው ነቅቶ ይጠብቃል፣ ሽቦው ሲቆረጥ ወይም ዕቃው ሲነቃነቅ በደቂቃ ውስጥ ይናገራል፤ ሌባውም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የእሷ ዝም ብሎ ይተርፋል። አንድ ዕቃ ሁለቱንም ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ለሞተሩ ሁለቱም ይገባሉ፤ ቅድሚያ ግን ጥሩ ሰንሰለትና የመሪ ቁልፍ፣ ምክንያቱም መከታተያ ስርቆትን አይከለክልም። ኤርታጉ ሦስተኛ ሆኖ ቢጨመር አይጎዳም፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ለጀልባዋ ባለባትሪው ብቻ በቂ ነው። ቦታው ላይ ግን ሦስቱም ያላነሱት ነገር አለ። ሁሉም ስለ ጀልባዋ አካል ሲያወሩ ነበር፤ ሌባ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባ የተሰካውን ሞተር ብቻ ፈትቶ ይሄዳል። መከታተያው በፋይበርግላሱ አካል ውስጥ ካለ ባዶ ጀልባ ይጠብቃል። ከሞተሩ የፕላስቲክ ክዳን ሥር፣ ከሚግለው ክፍል ርቆ፣ በማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን በማሰሪያ ታስሮ፣ የአንቴናው ፊት ወደ ሰማይ ሆኖ ይቀመጥ። ፕላስቲክም ፋይበርግላስም ሲግናል ያሳልፋሉ፤ ብረት፣ አሉሚኒየምና ካርበን ፋይበር አያሳልፉም። ተሳቢው ብቻውን የሚወሰድ ከሆነ የራሱ ያስፈልገዋል።

ሲም ካርዱ ሳይገባ በፊት ስልክ ላይ ተደርጎ ፒን መጠየቁ ይጥፋ፤ ፒን የሚጠይቅ ሲም መከታተያ ውስጥ ገብቶ ኔትወርክ አይዝም። መሣሪያው በአሮጌዎቹ የሞባይል ኔትወርኮች፣ በቱጂ ወይም በስሪጂ፣ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አይገዛ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ስሪጂን ሲዘጉ በእሱ ብቻ ይሠሩ የነበሩ መከታተያዎች ዲዳ ሆነው ቀርተዋል። የሲሙ ሒሳብ የሚያልቅበት ቀንም ስልክ ላይ ይመዝገብ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አንድ የሚታመን ጓደኛ ቁልፍ ይሰጠውና፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ሳይናገር፣ ሌሊት ሞተሩን ገፍቶ ሁለት መንገድ ያሻግረው። የባለቤቱ ስልክ በስንት ደቂቃ ጮኸ? ወይስ ድምፁ ጠፍቶ ትራስ ሥር ነበር?