የጎጆ ግብር እና የአንገት መታወቂያ፦ ቅኝ ግዛት በኬንያ እንዴት ይሠራ ነበር?

«ቅኝ ተገዝተን ቢሆን ኖሮ እንደ ኬንያ መንገዱም ባቡሩም ይኖረን ነበር» የሚል ክርክር በአማርኛ ማኅበራዊ ገጾች ላይ በየጊዜው ይነሳል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዓድዋና ስለ ክብር ነው። ክብሩ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩን በተነሳበት በገንዘብ ሒሳብ መመለስም ይቻላል፤ ኬንያ ውስጥ ማን ከፈለ? ማንስ ተጠቀመ?

ከሞምባሳ ተነስቶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ኪሱሙ የደረሰው፣ እንግሊዞች የዘረጉት ሐዲድ በ1896 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1901 አለቀ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከአምስት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቷል። ከህንድ በውል ከመጡት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች 2,500 ያህሉ ሞተዋል። ሐዲዱ ተዘርግቶ ሲያበቃ ግን የሚጭነው ነገር አልነበረም። ወጪውን ለመመለስ የተገኘው ዘዴ ነጭ ሰፋሪዎችን አምጥቶ ለም የሆነውን ደጋ መስጠት ነው። የ1902 የመሬት ሕግ ለሰፋሪው የ99 ዓመት ሊዝ ፈቀደ፤ በ1915 ደግሞ 999 ዓመት ሆነ። ከብት አርቢዎቹ ማሳዮች በ1904 እና በ1911 በተፈረሙ ውሎች ከግጦሽ መሬታቸው ተነሱ።

አሁን መሬቱ አለ፣ የሚያርሰው ሰው ግን የለም። የራሱ ማሳና ከብት ያለው ገበሬ ለሌላ ሰው በርካሽ የሚቀጠርበት ምክንያት አልነበረውም። እዚህ ላይ ነው የጎጆ ግብር የሚገባው። ግብሩ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በጎጆ ነው፤ ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሁለት ጎጆ ስላለው እጥፍ ይከፍላል። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ሩፒ (የዚያ ጊዜ መገበያያ ገንዘብ) ደረሰ። ሰዉ ግብሩን ለማምለጥ በአንድ ጎጆ ተጨናንቆ ማደር ሲጀምር፣ መንግሥት በ1910 ጎጆ በሌላቸው ወንዶች ላይ የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለ። በገንዘብ ለመክፈል ደግሞ ገንዘብ ያለበት ቦታ መሄድ ግድ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ሰፋሪው እርሻ ላይ ነው። ይህ የእኔ ትርጓሜ አይደለም። ገዥው ሄንሪ ቤልፊልድ በ1913 አፍሪካዊውን ከተከለለለት ቦታ አስወጥቶ ለሥራ የሚያሰማራው ግብር ብቻ እንደሆነ በአደባባይ ተናግሯል።

ግብሩን ሰብሳቢም ያስፈልጋል። በመካከለኛው ደጋ የሚኖሩት ኪኩዩዎች በሽማግሌዎች ሸንጎ የሚተዳደሩ እንጂ አለቃ የነበራቸው ሕዝብ አይደሉም። እንግሊዞች አለቃ ሾሙላቸው። የተሾመው ሰው ሥልጣኑን ያገኘው ከሕዝቡ ስላልሆነ የሚፈራውም ሕዝቡን ሳይሆን ግብሩንና ሠራተኛውን አምጣ የሚለውን የአውራጃ ሹም ነበር። በአገሬው ስም የሚገዛ፣ ለአገሬው የማይጠየቅ ሹመት እንዲህ ተፈጠረ። እኛም ገባርና ጭሰኛ የነበረን ሕዝብ ስለሆንን በዚህ ላይ የምንመጻደቅበት ነገር ብዙ አይደለም።

ገበሬው ቡና ተክሎ ሸጦ ግብሩን እንዳይከፍል በሩ ተዘግቶበታል። አፍሪካዊ ቡና እንዳይተክል እስከ 1930ዎቹ ድረስ በተግባር ተከልክሎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እንደ ኪሲና ሜሩ ባሉ ጥቂት ቦታዎች በትንሹ ተፈቀደ። የተሰጠው ምክንያት የተክል በሽታና ስርቆት ነው። ቡና ያለው ሰው ለቅጥር እንደማይመጣ ግን ሰፋሪው ጠንቅቆ ያውቃል።

የቀረው ቀዳዳ ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ መጥፋቱ ነበር። በ1915 የወጣው የምዝገባ ሕግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ላይ ሲውል ይህም ተደፈነ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የተባለ ወረቀት በብረት ማቀፊያ አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ኪኩዩዎች ከፍየል ደወል ጋር ያመሳስሉት ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ወረዳው፣ የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስም፣ የተቀጠረበት ቀን፣ ደመወዙና የተሰናበተበት ቀን ይሰፍራል። ዋናው የመጨረሻዋ መስመር ናት። አሠሪው መልቀቂያውን ካልፈረመ ሌላ ቦታ መቀጠር አይቻልም፤ ጥሎ መሄድ ደግሞ እንደ ውል ጉዳይ ሳይሆን እንደ ወንጀል ያስቀጣል። ደመወዙ ስለተጻፈ ቀጣዩ አሠሪ ከዚያ በላይ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። በዓረብ አገር ያለ «ከፊል» (ዋስ ሆኖ ያስመጣት አሠሪ) ፈቃድ ሌላ አሠሪ ዘንድ መሄድ ያቃታት እህት ይህን አሠራር ማንም ሳያብራራላት ትረዳዋለች።

ከጦርነቱ በኋላ ግብሩ ሩፒን በተካው ገንዘብ ወደ 16 ሺሊንግ (8 ሩፒ) ከፍ አለ፤ ይህም ለተራ የእርሻ ሠራተኛ ከአንድ ወር ደመወዝ የሚበልጥ ነው። በ1921 ሰፋሪዎች ደመወዙን በአንድ ሦስተኛ ለመቀነስ ተስማሙ። ይህን የተቃወመው የኪኩዩ ፖለቲከኛ ሃሪ ቱኩ በመጋቢት 1922 ታሰረ። ናይሮቢ ውስጥ ይፈታ ብሎ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 21 ነው። በዚያው ዓመት በሰፋሪዎች ላይ ተጥሎ የነበረው የገቢ ግብር እነሱ ስለጮሁ ተሰረዘ፤ የተመለሰው በ1937 ነው። አንዱ ስለ ግብር ሲጮህ ጥይት፣ ሌላው ሲጮህ ምሕረት ተሰጠው።

ባቡሩም ከዚህ ሒሳብ ውጭ አልነበረም። ቅርንጫፍ መስመሮች እንደ ሶላይ ወዳሉ የሰፋሪ እርሻዎች ተዘረጉ፤ ወደ ኡጋንዳ የሚሄደው ዋና መስመርም ሰፋሪዎች በያዙት በዋሲን ጊሹ ደጋ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ሰፋሪው ወደ ውጭ የሚልከው በቆሎ በዝቅተኛ ታሪፍ ሲጫን ወጪው በሌላው ጭነት ላይ ይካካስ ነበር።

ኪፓንዴ በ1947 ሁሉንም ዘር በሚመለከት መታወቂያ ተተካ፤ ኬንያውያን ግን ዛሬም መታወቂያን በዚያው ስም ይጠሩታል። መሬቱ እንዲህ በቀላሉ አልተመለሰም። በነጻነት ዋዜማ የተጀመረው የአንድ ሚሊዮን ኤከር ፕሮግራም ከሰፋሪዎች መሬት የገዛው በአብዛኛው ከብሪታንያና ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ከ30 ሺህ በላይ ቤተሰቦች መሬት ሲያገኙ ዕዳውም አብሮ ተሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ክፍያው አቅቷቸው ውዝፍ ዕዳ ውስጥ ገቡ። ሳይቆራረጡ የተሸጡት ትልልቅ እርሻዎች ደግሞ ቅድመ ክፍያ ማቅረብና ከባንክ መበደር ለሚችል ሰው ሄዱ፤ ይህን ከቻሉት መካከል የአዲሱ መንግሥት ባለሥልጣናትና ቅኝ ገዥው ሾሟቸው የነበሩት አለቆች ቤተሰቦች ይገኙበታል።