እርማት፦ «በቀዳዳ ከተሠራ ሥሩ ይቀራል» ለተባለው

ጋሼ፣ ለአዘዞው ጎረቤትዎ «የአንጀት ካንሰር በትንሽ ቀዳዳ ከተሠራ ሥሩ ይቀራል፤ ሆድ ካልተከፈተ ዋጋ የለውም» ያሉት ልክ አይደለም። ቀዳዳው ቢያንስም የሚቆረጠው አንጀት ያው ነው። ሐኪሙ ሆዱን በጋዝ ነፍቶ፣ ውስጡን በካሜራ አጉልቶ ያያል። የታመመውን አንጀት በዙሪያው ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች (ካንሰር ሊዛመትባቸው ከሚችሉ ትንንሽ ዕጢዎች) ጋር ቆርጦ፣ አንዷን ቀዳዳ በጥቂት ሳንቲሜትር አስፍቶ ያወጣዋል።

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 872 ሕሙማንን አወዳድሯል። በ3 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰው በቀዳዳ ከተሠሩት 16፣ ሆዳቸው ከተከፈተው 18 በመቶ ላይ ነው፤ ያው በሉት። በቀዳዳ የተሠሩት ግን ቶሎ ቤታቸው ገቡ፤ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ።

የካንሰሩ ዕጢ በጣም ትልቅ ከሆነ ወይም አንጀቱ ከተዘጋ ሆድ መክፈቱ ሊመረጥ ይችላል። ስለዚህ ጎንደር ያለው ሐኪሙ «ከፍቼ ልሥራ» ቢለውም አይደንግጥ። ብቻ እባክዎ፣ በዚህ ወሬ ፈርቶ ቀጠሮውን እንዳይሰርዝ ዛሬውኑ ይንገሩት።