«ካልመታ ልጅ አይጎዳም»? አይደለም

ወንድሜ፣ «አባትየው ቢጠጣም እጁን ካላነሳ ልጆቹ ምንም አይሆኑም» ብለሃል። ይቅርታ፣ ይሄ ልክ አይደለም።

ድሬ፣ ከዚራ ሳድግ እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበረን። ልጁን ነክቶት አያውቅም። ልጁ ግን ማታ ባጃጅ ደጃፍ ላይ ሲቆም ደብተሩን አጥፎ ያዳምጣል። ቁልፉ ባንዴ ከገባ አባቱ አልሰከረም። ብረቱን እየጫረ ቀዳዳውን ከፈለገው፣ ታናሹን ይዞ ወደ ጓዳ። በሙቀቱ ሁላችንም ግቢ ስንተኛ እሱ ዓይኑን አይከድንም።

የሚጎዳው ዱላ ብቻ አይደለም። «ዛሬ ምን ሆኖ ይመጣል» የሚለው ስጋትም ይጎዳል። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመው ታዋቂው የልጅነት መከራዎች ጥናት፣ የመጠጥ ወይም የዕፅ ችግር ካለበት ሰው ጋር ማደግን ከድብደባ ለይቶ ነው የቆጠረው። ጭንቀት፣ ድብርት፣ ትምህርት ቤት መደባደብ ሊከተል ይችላል።

የተጎዳ ልጅ ሁሉ ግን ይረብሻል ማለት አይደለም። ያ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ነበር፤ እኔም ሞኙ እቀናበት ነበር።

«የጠጪ ልጅ ጠጪ ነው» ያልከውም እንዲሁ። ተጋላጭነቱ ይጨምራል እንጂ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። የሚያምኑት አንድ አዋቂ ማግኘት ብዙ ይረዳል። ለእሱ መጋላ ያለችው አያቱ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሄዶ እስከ ረፋድ ይተኛል።