ቡናችን መታወቂያ ሊያወጣ ነው

የጅማ ገበሬ የማሳውን ወሰን ሲጠየቅ «ከዚያች ዋንዛ እስከ ወንዙ» ማለት ይበቃው ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ወጣት ይመጣና ከቡናው ሥር ቆሞ ሳተላይት ይጠብቃል፤ የማሳው መገኛ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ካልሞላ ማሳው እንደሌለ ይቆጠራል። ችግሩ ቡናችን ጥላ ወዳድ መሆኑ ነው፤ ዛፉ ሰማዩን ይሸፍንና ስልኩን ያሳስተዋል። ደን አለመመንጠሩን ለማስመስከር እንቅፋት የሆነው ደኑ ራሱ ነው።

ጣጣው የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው ሕግ ነው። እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ2020 ማብቂያ ወዲህ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አይግባብን ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሙሽራ የጠፋበት ሠርግ እንኳ እንዲህ አይገፋም።

ጎረቤቴ ሐጂ የካርቦን ቀረጥ የሚባል፣ ለጭስ የሚከፈል ነገር ሰምተው ኖሮ «ቡናችንም ሊቀረጥ ነው?» አሉኝ። ፊንላንድ ከ1990፣ ስዊድን ከ1991 ጀምሮ የሚያስከፍሉት የቆየ ነገር መሆኑን ነገርኳቸው። አውሮፓ ድንበሩ ላይ የጣለው አዲሱ ክፍያም ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ኤሌክትሪክንና ሃይድሮጅንን እንጂ ቡናን አይነካም አልኳቸው።

«መርከቡስ?» አሉ። ነጋዴ አይሞኝም።

መርከቡማ ከ2024 ወዲህ አውሮፓ ወደብ ሲገባ ለጭሱ ይከፍላል።

«እንግዲያው ከፋዮቹ እኛ ነና!»

በርሊን ተቀምጦ ቡና የሚጠጣው ሰው ኅሊናው ንጹሕ እንዲሆን ይፈልጋል፤ መልካም ምኞት ነው። ምኞቱ ግን ከቡና ቆዪው ወደ አስመጪው፣ ከአስመጪው ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ አቅራቢው እየወረደ እኛ ዘንድ ሲደርስ ትእዛዝ ሆኖ ነው። አቅራቢው ደግሞ ሒሳብ ያውቃል፦ አንድ ሰፊ እርሻ አንድ ፋይል ነው፤ ሺህ ገበሬ ግን ሺህ የካርታ ነጥብ። ሕጉ ከአራት ሄክታር በታች ላለው አንዲት ነጥብ ትበቃለች ብሎ አቅልሎለታል፤ ነጥቧን ለመልቀም ጭቃ የሚረግጠው ሰው አበል ግን ነጥብ አይደለም። ስለዚህ አረንጓዴው ኅሊና ሳያስበው ወደ ሰፊው እርሻ ያዘነብላል።

ነገሩ ወደ ማኅበራዊ ኑሯችንም ገብቷል። ልጅ ሊያጩ የሄዱ ሽማግሌዎች «ልጃችን የቡና ማሳ አለው» ሲሉ የልጅቷ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ካርታ ላይ ገብቷል?» አሉ አሉ።

ወረቀቱ የተሟላለት ቡና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ከኤክስፖርት የተረፈውን እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን እንጠጣለን። የምናፈላው በከሰል ነው። ከሰሉ አፉ በቅጠል በተወተፈ ማዳበሪያ ይመጣል፤ ከየትኛው ደን እንደተቆረጠ የሚጠይቀው የለም። ባለፈው ሐሙስ ገበያ እኔ ልጠይቅ ብዬ ሻጯን «ይህ ከሰል ከየት ነው የመጣው?» አልኳት። ገቢ ሰብሳቢ የመጣባት ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ከጫካ ነዋ ጋሼ፣ ከባሕር ይመጣል?» ብላ ሃያ ብር ጨመረችብኝ።