ጥቅምት 30ን ለቱሉ ማን ይንገረው?

ባለፈው ጎንደር ፒያሳ ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብለን አንድ ጓደኛዬ "ኮድ ፈታሽ ቱል ጫን፣ አብሮት የመጣውን ሩል በሙሉ አብራው፣ በቃ ተኛ" አለኝ። እኔ ደግሞ አልተዋጠልኝም፣ ስንከራከር ቡናው በረካ ደረሰ እኛ ግን አልጨረስንም፣ ስለዚህ የቀረኝን እዚህ ልጻፈው።

የማወራው ኮዱን ሳያስኬዱ አንብበው ብቻ ስህተት ስለሚለቅሙት ቱሎች ነው፣ ስታቲክ አናሊሲስ የሚባለው። አዲስ ነገር እንኳን አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1978 ቤል ላብስ ውስጥ ስቲቨን ጆንሰን ለሲ ቋንቋ ሊንት የሚባል ሰርቶ ነበር፣ ስሙ ልብስ ላይ ከሚለጠፈው ብናኝ የመጣ ነው። አሁን ኢኤስሊንት አለ፣ ፒኤምዲ አለ፣ ሴምግሬፕ አለ፣ ሁሉም የተዘጋጀ ሩል (እንዲህ ያለ ኮድ ካየህ ያዝ የሚል ደንብ) ሞልቷቸዋል፣ እሱን አልጠላሁም። ግን እነዛን ሩሎች የጻፉት ሰዎች ወር ሲቆጥሩ 12 ላይ ያቆማሉ።

የገጠመንን ልንገራችሁ። ማራኪ አካባቢ ያለች ትንሽ ቢሮ ነን፣ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም በጃቫስክሪፕት ሰራን። ከልጆቹ አንዱ በኛ አቆጣጠር የተሞላውን ቀን ሳይቀይር በቀጥታ ለኒው ዴት (ቀን ለሚሰራው የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ) ሰጠው፣ ወሩ ከ0 እንደሚቆጠር እንኳን አስታውሶ 1 ቀንሷል፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ኮዱ ይሰራል፣ ቱሉም አረንጓዴ! ችግሩ ጃቫስክሪፕት የሌለ ቀን ስትሰጠው አይጮህም፣ ዝም ብሎ ወደፊት ይገፋዋል (ፓይተን ቢሆን 13ኛ ወር ስትለው እዛው ይጮህብሃል)። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ለሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፣ እንደዛ የሚባል ቀን ስለሌለ ማርች 1 ያደርገዋል፣ ስክሪን ላይ ሲመለስ ኅዳር 1 ሆኖ ቁጭ። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 3 ሆነ፣ ማለትም እኛ ጋ መስከረም 3። ከደባርቅ በሌሊት ተነስተው የመጡ እናት ካርዳቸው ላይ ጳጉሜን 3 ይላል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ገና ነዎት ይላቸዋል። እሳቸው ምን አጠፉ?

ከዛ በኋላ ነው የራሳችንን ሩል የጻፍነው፣ በሴምግሬፕ። ብዙ ሰው ሲሰማው ይፈራል፣ ሩሉ ግን አጭር ፋይል ነው፣ የሚፈለገውን ኮድ ራሱን ኮድ አስመስለህ ትጽፋለህ፣ የሚለዋወጠው ቦታ ላይ የዶላር ምልክት ያለው ስም ታደርጋለህ፣ መልእክት ትጨምራለህ፣ አለቀ። የኛ ሩል ኒው ዴት በሶስት ቁጥር ከተጠራ ይይዛል፣ የቀን መቀየሪያው ፋይል ውስጥ ካልሆነ በስተቀር። ልብ በሉ፣ ቱሉ ቀኑን አያየውም፣ ኮዱን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ጳጉሜን መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፣ ማድረግ የሚቻለው በሩን አንድ ብቻ ማድረግ ነው። መልእክቱን በአማርኛ ጻፍነው፣ "ይሄ ቀን የኛ ነው የፈረንጅ? በመቀየሪያው አሳልፈው" ይላል። ልጆቹ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይሄን ያነቡታል፣ አይቼዋለሁ።

ጎንደር ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም፣ በቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ዝማሬ "ላይ ቤት" አለ "ታች ቤት" አለ፣ ዜማው የያሬድ ሆኖ እያለ ቤቱ የራሱ ስርዓት አለው፣ ቱሉ የጋራ ሆኖ ሩሉ የኛ እንደሆነው።

ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ "አሁን እኮ ኤአይ አለ፣ እሱ ያንብብልህ" አለኝ። ያንብብ፣ እኔም አስነብበዋለሁ፣ ግን ዛሬ ያየውን ነገ ሊያልፈው ይችላል፣ ሩል ግን ዛሬም ነገም ያንኑ መስመር ይይዛል፣ ለምን እንደያዘም ይታወቃል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ላውራ። ሁለተኛው ሩሌ ስለ ስም ነበር። ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ ለኮምፒዩተር የተለያየ ሰው ናቸው፣ ታካሚው ካርድ ክፍል ሁለቴ ይመዘገባል፣ ስለዚህ ስም ከስም ሲወዳደር መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በሚያደርገው ፈንክሽን ይለፍ አልኩ። በችኮላ ማንኛውንም እኩል ነው ወይ የሚል መስመር ያዝ ብዬ ጻፍኩትና ስክሪኑ ቀላ። "ጋሼ ይሄ ቱል አብዷል" አለኝ አንዱ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳይሉ ከየመስመሩ ጎን እለፈው የሚለውን ኮመንት መለጠፍ ጀመሩ፣ እሱ ከተለመደ ደግሞ ደህናው ሩልም አብሮ ይሞታል። አወጣሁትና አጠበብኩት፣ አሁን የሚይዘው የቫሪያብሉ (ኮዱ ውስጥ መረጃ የሚያዝበት መጠሪያ) ስም ውስጥ "ስም" የሚለው ቃል ካለ ብቻ ነው፣ መያዝ ያለበትንና ማለፍ ያለበትን ኮድም ጎን ለጎን ጽፈን ሩሉን ራሱን በሱ እንፈትነዋለን።

እንደዛም ሆኖ ባለፈው ሳምንት አንድ መስመር አምልጦታል። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ቫሪያብሉን ኤክስ ብዬው።