የውሎ አበል ያበቀለው ደን

በአገራችን ለደን ክፍያ የለም የሚል ሰው ዋሾ ነው። አለ እንጂ! የውሎ አበል አለ። የነዳጅ አለ። ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ ባነር ይታተማል፣ የታሸገ ውሃ ይጫናል። ያልተከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ፍየሎቹን አስሮ ችግኙን ሲጠብቅ የሚከርመው ገበሬ ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ ሰው ቢዘለል ምን አለበት?

እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ምስጋናዬ ለሐምሌ ተካዮቻችን ነው። በጠዋት ተነስተው፣ ነጭ ስኒከር አድርገው፣ ጭቃ እየጠሉ ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ይጠብቃቸዋል። ማን ቆፈረው ተብሎ አይጠየቅም። ችግኙን ከነላስቲኩ ቁጭ ያደርጉታል፤ ላስቲክ ሲያወልቁ እጅ ይቆሽሻል፣ ካሜራማኑም ይቸኩላል። ከዚያ ፎቶ። ከዚያ ጥብስ። ኮረብታው ከምሳ ሰዓት በፊት ለምቶ ያልቃል።

ቁጥራችንም ያኮራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። እቅዱ 200 ሚሊዮን ነበር። በአገራችን ከእቅዱ በላይ የሚሆን ነገር ከዋጋ ጭማሪ ሌላ ይሄ ነው። አንዳንድ ምቀኛ «ስንቱ ጸደቀ?» ይላል። ወንድሜ፣ ሁሉም ቢጸድቅ ለከርሞ የት ልንተክል ነው?

ወደ ገበሬው ስንመለስ፣ እሱም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም። ምክር አግኝቷል። ትናንት ከብት ያሰማራበት፣ ሚስቱ ማገዶ የለቀመችበት ተራራ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ሆኗል። አሁን ሚስቱ ለማገዶ ሌላ ተራራ ትሻገራለች፤ ለጤና ጥሩ ነው። በሬውም ደጅ ታስሮ ያስባል። «ለልጅ ልጆችህ ነው» ተብሎ ተነግሮታል። ልጆቹ ግን ትዕግስት የላቸውም፤ ዛሬ ማታ ራት ይላሉ።

እርግጥ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ አጉል ልማድ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከለለ። አብዛኛውን ግን አልተከሉትም። መሬት ውስጥ ነፍሷ ያልወጣ ጉቶ ስታቆጠቁጥ እየመለመሉ አሳደጓት። እስቲ ፍረዱ! ከጉቶ ጋር ምን ዓይነት ፎቶ ይነሳል? ሰዉ መጀመሪያ «መሬታችንን ሊነጥቁን ነው» ብሎ ሰግቶ ነበር። ይባስ ብሎ ገበሬዎቹ በ7 ማኅበራት ተደራጅተው የደኑ ባለመብት ሆኑ። የዓለም ባንኩ ባዮካርቦን ፈንድ ደግሞ ዛፎቹ ከአየር ለሳቡት ካርቦን፣ አየሩን ለሚያሞቀው ማለት ነው፣ ገንዘብ ከፈላቸው። ብሩ ለየቤቱ ቢከፋፈል እፍኝ አይሞላም ነበር። በማኅበር ሲያዝ ግን ወፍጮና የእህል መጋዘን ሆነ። ሣሩንም እያጨዱ ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ። ደን ሆኖ ወፍጮ የሚያቆም! እንዲህ ያለ ነገር ከተለመደ ሪባን የሚቆርጠው ማን ነው?

ቻይናም ብትሆን ተሳስታለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ተዳፋት ማሳውን ለዛፍ ለሚለቅ ገበሬ እህልና ጥሬ ገንዘብ መስጠት ጀመረች። እህል! በመፈክር መጨረስ እየተቻለ።

በአማራ ክልል አዊ ዞን ያሉት የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ደግሞ ጭራሽ ሥነ ሥርዓት አያውቁም። ቲሸርት ያደላቸው ሳይኖር ማሳቸውን ዲከረንስ በሚባል ዛፍ ሞሉት። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራሉ። ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳሉ። በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ከሰል ያደርጉታል፣ መልሰውም ይተክላሉ። ዛፍ ለገንዘብ ብሎ መትከል፣ ምን ዓይነት ጊዜ መጣ! (ከሰሉን አዲስ አበባ ሆነን የምንገዛው እኛው መሆናችን ሌላ ጉዳይ ነው። ያ የተከላ ቀን ጥብስስ በምን ይጠበስ?) በዚያ ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ስለተከሉ በሽታ ገባባቸው። ይኸው፣ ገንዘብ ያየ ገበሬ መጨረሻው ይሄ ነው እንል ዘንድ ተመቸን። የእኛዎቹ ችግኞች በበሽታ አይታሙም። እስኪታመሙ ድረስ አይቆዩማ።

ለማንኛውም ጨካኞች አይደለንም። ገበሬው ለሚጠብቀው ደን ይከፈለው የሚለው ሐሳብ በጥናት ይታይ። ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር የሦስት ቀን ዓውደ ጥናት ይዘጋጅ። አጥኚዎቹ ከአዲስ አበባ በመኪና ይምጡ። ገበሬውም በተወካዩ በኩል ይጋበዝ፤ ትራንስፖርቱን ችሎ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር አምስት ደቂቃ እንዲናገር።