ካልሲው ከመታዘዙ በፊት ትርታው ይታይ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ስኳር ኖሮባቸው የእግራቸው ደም መልስ ስር ለተወጣጠረ ሰዎች የሚያጠብቅ ካልሲ ይመክራል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። ስኳር አብዝቶ የሚጎዳው ደም ወደ እግር የሚያወርደውን ደም ቅዳ ነው፤ ያጠበዋል፣ ያደነድነዋል። ደም በቅጡ የማይደርሰው እግር ላይ ካልሲው ሲጠብቅበት ቁስል ሊያመጣ ይችላል፤ ስኳሩ ነርቩን ያደነዘዘበት ሰው ደግሞ ሕመሙ እንኳ አይሰማውም።

የእናቴ ሐኪም ካልሲ ከማዘዙ በፊት በእግሯ ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚቷ ኋላ ያለውን ትርታ በጣቱ ፈለገ። ቀጥሎ የቁርጭምጭሚቷንና የክንዷን የደም ግፊት ለክቶ የቁርጭምጭሚቷን ለክንዷ አካፈለ። ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ደም ቅዳው ስለሚደነድን ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ወጥቶ ሊያሳስት ይችላል፤ ያኔ የእግር አውራ ጣት ግፊት ቢለካ ይሻላል።

እባካችሁ፣ ለእናት ለአባታችሁ ካልሲውን ከፋርማሲ ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠይቁ። ማታ ሲያወልቁም እግራቸውን፣ የጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር፣ እዩላቸው።